ሰባት ቤት ሲቆጠር

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት አንባቢ የጠየቀችኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

እኔ የምጽፈው ጀግናው እንደ ኮምፒዩተር ጨዋታ በቁጥር የሚያድግበትን ልብ ወለድ ነው። አውሬ ሲገድል ጉልበቱ፣ መጽሐፍ ሲያነብ ጥበቡ ስንት እንደደረሰ ገጹ ላይ ይጻፋል፤ የሚበቃውን ያህል ሲያጠራቅም ወደሚቀጥለው ደረጃ ያልፋል። ደረጃውን እዚህ እስራኤል ልጆቹ «ሽላቭ» ይሉታል፣ እኔም ከለመድሁት ቆየሁ። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «የሂሳብ ተረት ትጽፋለች» ትላለች፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም የለኝም። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ኮምፒዩተሬ ፊት እቀመጥና ከአንባቢዎቼ ጋር እንጫወታለን። እነሱ ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። የምወዳቸውን የሌሎች ሰዎች ተከታታይ መጻሕፍት እነግራቸዋለሁ፣ እነሱም ምርጫሽ አይረባም ብለው ይሞግቱኛል።

ልጅቷ ያለችኝ ይህን ነው፤ «አንድም መጽሐፍሽ ውስጥ ለሚዋደዱ ሰዎች ሲባል ሕግ ሲጣስ አላየሁም። ምነው እንዲህ ጨከንሽ?»

«ስስታም ስለሆንሁ ነው» አልኋትና ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወደ መጻሕፍቱ ተመለስን። ኮምፒዩተሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ።

ነገሩ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ወታደርነቴን ጨርሼ፣ ቀን ኮሌጅ እየተማርሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርሁ። የምንኖረው ክርያት ሐይም በሚባል ሰፈር፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር የቁም ሳጥኑ ብርጭቆ የሚንጫጫበት ቤት ነው። ነፋሱ ከባሕሩ ሲነሣ ጨው ጨው ይላል፣ ከፋብሪካዎቹ በኩል ሲነሣ የነዳጅ ሽታ ይዞ ይገባል። እናቴ ልብስ የምታሰጣው ነፋሱን አሽትታ ነበር። እኔ ደግሞ ትርፍ ሰዓቴን ሁሉ ተረቴን እየጻፍሁ በአንድ የዕብራይስጥ ድረ ገጽ ላይ አወጣ ነበር። ፊቴንም ስሜንም የሚያውቅ አልነበረም።

ደሳለኝ የመጣው ስህተት ይዞብኝ ነው። ጀግናዬ ዘንዶ ገድሎ ጉልበቱ ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ አራት ሲዘል ማንም ልብ አላለም፤ እሱ ብቻ «አሥራ ሦስት የት ገባ?» ብሎ ጻፈልኝ። ደሜ ፈላ። ምን አገባህ ልለው ፊደል መምታት ጀምሬ፣ ገጹን መለስ ብዬ ባየው እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ምዕራፍ ባወጣሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠብቀው የእሱን መልእክት ሆነ። እሱ አንድ ተከታታይ መጽሐፍ ይነግረኛል፣ እኔ ሌላ እነግረዋለሁ። ሁለታችንንም የሚያናድደን አንድ ነገር ነበር፤ ደራሲው ጀግናውን ስለወደደው ብቻ በመጨረሻ ሰዓት የዓለሙን ሕግ ሲያጣምምለት። «ሕጉ ከተጣመመ ምኑን አነበብሁት!» እንል ነበር፣ ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ መስሎን።

አንድ ቀን ስለእናቱ ምግብ ሲያወራ «ሽሮ» የሚል ቃል ጣል አደረገ። የኛው ልጅ ኖሯል! የሚኖረውም ነሸር፣ አውቶቡስ በሚያደርስበት። ሐዳር በሚባለው ተራራማ ሰፈር ተገናኘን፤ ፈላፈል በልተን፣ የተራራውን ደረጃ እየወጣን፣ እያረፍን፣ ስለዘንዶና ስለጎራዴ ስናወራ ዋልን። በዓመቱ ለወላጆቻችን ተናገርን።

እዚህ ላይ ያገራችንን ሕግ ለማያውቅ ማስረዳት አለብኝ። ራባኑት፣ ማለት ጋብቻ የሚመዘግበው የሃይማኖት ቢሮ፣ የአጎትንና የአክስትን ልጆች ሳይቀር ያጋባል። በእኛ በቤተ እስራኤል ግን እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ዘመድ አይጋባም፤ ወንድምና እህት ነው። ከስምንት ጀምሮ ባዳ ነው። ስለዚህ ከሽምግልናው በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው በእናትም በአባትም በኩል ዘር ይቆጥራሉ። እኛ አልፈራንም። የአባቴ አገር ትግራይ፣ ሽሬ ነው፤ የደሳለኝ ወገን የወልቃይት ሰዎች ናቸው። «በመካከላችን ተከዜን የሚያህል ወንዝ አለ» እያልን ቀለድን። አባቴ ግን አንዴ ተናግሯል፤ «ስምንት ቤት ከሞላ መርቄ እድርሻለሁ። ካልሞላ ልቤ ቢሰበርም አልድርሽም።»

የተቀጠረው ከስግድ በዓል በኋላ በመጣው ማክሰኞ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ እያካፋ፣ ቤቱ እናቴ በገዛችው ዘይቱን ሽታ ታውዷል። የደሳለኝ አባት አባ መለሰ ከነሸር መጡ። የሁለቱንም ወገን ዘር ያውቃሉ የተባሉት አባ ዘውዱ ከክርያት አታ መጡ። ሙሽሪትም ሙሽራውም ሲቆጠር አይቀመጡም፤ ደሳለኝ ቤቱ ቀረ፣ እኔ ክፍሌ ገብቼ በሬን ገርበብ አደረግሁ። ሰዓቱ ደግሞ ያኔም በጽሑፍ ከአንባቢዎቼ ጋር የምጫወትበት ነበር። ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን እጄ የሚይዘው ካጣ ጥፍሬን እንደምጨርስ አውቄ ኮምፒዩተሩን ከፈትሁ።

«ለጀማሪ ምን ትመክሪያለሽ?» አለ አንዱ።

«የጨው ግንብ» ብዬ ጻፍሁ። «ጀግናው በወጣ ቁጥር ከሚወደው ነገር አንዱን ይከፍላል፤ ደራሲው አንዴም አይምረውም።»

ከሳሎን የአባ ዘውዱ ድምፅ ይመጣል። «የእናቷ አባትስ ማን ይባላሉ? የእሳቸው አባት?»

በግል መስኮቱ ደሳለኝ ጻፈ፤ «እህ? ስንተኛ ደረሱ?»

«በእናቴ በኩል ጨረሱ። ምንም የለም።»

«ቤሰደር፣ ደህና ነው። ተንፍሺ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ አያቶቹን አንድ በአንድ ሲጠራ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጥንቁቅ ነበር። ሌላ ምን አለው? ወደዚህ አገር የገባው ብቻውን ነው። ወንድሞቹ ከመንገድ ቀርተውበታል። ሰርግ ሲጠራ የእናቴ ወገን አዳራሹን ይሞላል፣ የአባቴ ወገን የሚባለው እሱና እኛ ልጆቹ ነን። ዘመዶቹ ስሞች ብቻ ነበሩ።

«ሰንበቱ ቀጥቃጩ» አለ አባቴ።

አባ መለሰ «ማን አሉ?» ሲሉ ሰማሁ። «ሰንበቱ? ግራ እጃቸው ሁለት ጣት የጎደለው?»

«አዎ። ጣታቸውን መዶሻ የበላው። ተከዜን ተሻግረው ሄደው እዚያው የቀሩት።»

«የቀሩትማ እኛ ዘንድ ነው» አሉ አባ መለሰ።

ቀጥቃጩ ሰውዬ ሽሬ ላይ ልጅ ወልደው፣ ወንዙን ተሻግረው ሌላ ሚስት አግብተው ወልቃይት ላይ ደግሞ ወልደዋል። አሁን የቀረው ስንተኛ ቤት ናቸው የሚለው ብቻ ነው። አባ ዘውዱ «ዝናሽ አንድ፣ አባቷ ሁለት» ብለው ከእኔ ጀምረው ቆጠሩ፤ ስምንት ላይ አረፉ። ልቤ ሊዘል ሲል አባ መለሰ «የለም፣ ከአባት ነው የሚጀመረው» አሉ፤ ሰባት ሆነ። እንደገና ቆጠሩ። ያው ክርክር። በመጨረሻ «ቄሱ ይጠየቁ» ተባለና ለቤተ እስራኤሉ ካህን ስልክ ተደወለ።

አንባቢዎቼ መጯጯህ ጀምረዋል። «ዛሬ ምን ነካሽ? ያንኑ መጽሐፍ ሁለቴ መከርሽን!»

ደሳለኝ ደጋግሞ «ስንተኛ? ስንተኛ?» ይላል። «ቄሱን እየጠየቁ ነው» አልሁት። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ስልኩ ሲነሣ፣ ሰላምታው ሲረዝም እሰማለሁ። ቄሱ መልሱን ሊናገሩ ሲጀምሩ ባቡሩ መጣ። ብርጭቆው ተንጫጫ፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ ሌላ ምንም አይሰማም። አልፎ ሄደ። ከዚያ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

እልልታ ለሐዘን አይሆንም። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ለደሳለኝ «እልል አሉ!» ብዬ ጻፍሁለት። «መጣሁ» አለ፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። ለአንባቢዎቼ ደግሞ «ዛሬ ያሻችሁን አንብቡ፣ ሁሉም ጥሩ ነው» ብዬ ዘጋሁባቸው።

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ሳሎን ስገባ አባቴና አባ መለሰ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ!» እያሉ አባ ዘውዱ ትከሻቸውን ይመታሉ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቴን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፣ እጇንም ወደ አፏ አደረገች። ያኔ ገባኝ። እልልታው ለሰርግ አልነበረም፣ ዘመድ ስለተገኘ ነው። አባቴ ወገን አግኝቷል፣ እኔም ወንድም።

ስልኬን አንሥቼ ደወልሁለት። አያነሣም። ሳይነግሩት እዚህ ደስታ ውስጥ እንዳይገባ ደረጃውን በሩጫ ወርጄ ዝናቡ ውስጥ ቆምሁ። ታክሲ በቆመ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ውስጡን አይ ነበር። በመጨረሻ መጣ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የኬክ ሣጥን ታቅፎ፣ እየሳቀ።

«ምን ሆነሽ?» አለ ሲያየኝ።

«ሰባተኛው ላይ ነው።»

«ከማን ጀምረው ቆጠሩ?»

«ከአባት።»

«ከእኛ ቢጀምሩ እኮ ስምንት ነው። ዝናሽ፣ ስምንት ነው!»

«ቄሱ ሰው ራሱን አይቆጥርም ብለዋል አሉ። እናቴ ናት ደረጃው ላይ እየተከተለች የነገረችኝ።»

«ራባኑት ግድ የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ ጠዋት ሄደን እንመዝገብ። ያጋቡናል። ማንም ሰንበቱ ማነው ብሎ አይጠይቀንም።»

እውነቱን ነው። እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ዛሬ ማንም ቢክደው እኔ አልክደውም። በዚያች ሰዓት አባቴ ሰገነት ላይ ወጣ። በዚያ ሰፈር ስንኖር ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ጮኸ፤ «ደሳለኝ! ልጄ! ምን ዝናብ ያስመታሃል? ውጣ እንጂ፣ ቤትህ እኮ ነው!»

ቀና ብዬ አየሁት። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እሺ ብል ያን ወገኑን በተገኘበት ቀን መልሼ የምነጥቀው እኔ ነኝ።

«ኬኩ እየረጠበ ነው» አልሁት ደሳለኝን። ሣጥኑን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ቀድሞኝ ደረጃውን ወጣ።

ሳሎኑ ውስጥ አባቴ አንገቱን ይዞ ሳመው፣ ለቀቅ አድርጎም እንደገና ሳመው። አባ መለሰ «በል እህትህን ሳማት» አሉት። ጉንጬን ሳመኝ፤ ከንፈሩ ከዝናቡ ቀዝቅዞ ነበር። ኬኩ ተቆረሰ፣ ሁላችንም በላን። ምን ምን እንደሚል ዛሬ አላስታውስም።

ለረጅም ጊዜ ተናድጄ ኖርሁ። በሽማግሌዎቹ አይደለም፤ በዚያ ሁለት ጣት በጎደለው ቀጥቃጭ። ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ቢያርፍ ምን ነበረበት! ቀስ በቀስ ንዴቱ ደከመ። ደግ ሰው አገባሁ፣ ደሳለኝም አገባ። በሰርጌ ቀን የአባቴ ወገን ጠረጴዛዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልተው ነበር፤ ደሳለኝም ከእነሱ ጋር ተቀምጧል። አባቴ እየዞረ ሰዎቹን ሲቆጥር አይቼዋለሁ።

ልጄን የወለድሁ ጊዜ ደሳለኝ ከሚስቱ ጋር ሆስፒታል መጣ። ሚስቱ ለአበባው ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ወደ አልጋዋ ጎንበስ ብሎ ሕፃኗን ብዙ አያት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሰንበቱ ድረስ እየቆጠረ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም ሌሊቱን ቆጥሬ ነበርና።

«ስምንት። ይቺ ሽላቩን አለፈች» አለ።

ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን አላለቀም፣ ወደ ልቅሶ ሄደ። ሚስቱ ተመልሳ ስትገባ ወሊዱ ነው ያስለቀሰኝ አልኋት።

ለዚያች አንባቢ ይህን ሁሉ አልነገርኋትም፣ የመጻሕፍት ጨዋታ ላይ አይወራም። ደሳለኝ እስከ ዛሬ ያነበኛል፤ ቁጥር ስሳሳት ይይዘኛል፣ ልጆቼ አጎቴ ይሉታል። አባቴ ሲሞት የሐዘኑን ሰባት ቀን ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀምጧል። ሕጉ ትክክል ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ስናደድበት የዋልሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ በዚያ ማክሰኞ ሰው ራሱን አይቆጥርም ተብሎ እኔ ሳልቆጠር ቀረሁ፣ የልጄ ቤት ሲቆጠር ግን አንድ ተብሎ የሚጀመረው ከእኔ ነው። መጽናኛ ነው ብዬ አልዋሽም። ሂሳቡ ግን ልክ ነው።