ለሁለት የተካፈሉት ጥቁር ቸኮሌት

ልብስ አስተካካይዋ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የጠበበውን ታሰፋለች። ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት፣ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋ ፊት ናት። ባሏ ከሞተ፣ ልጇም አግብታ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ከአፏ የሚወጣው ቃል "እዚህ ጋ ልያዘው?" እና "ሐሙስ ይደርሳል" ብቻ ሆኗል። የሕንፃው ሰዎች "ዝምተኛዋ" ይሏታል። ሰምታቸዋለች፤ አልተቀየመችም።

አብሯት የሚኖረው አንድ ትንሽ ውሻ ነው። ቡችላ ሳለ የኮት ቁልፍ ስለዋጠ ስሙ ቁልፍ ሆኖ ቀረ። ባሏ በሕይወት ሳለ ገበታ ላይ የቀረበ ነገር ሁሉ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ብርቱካን እንኳ ቢሆን። እሱ ሲሄድ እጇ መክፈሉን አልተወም። እንቁላል ከቀቀለች ግማሹ የቁልፍ ነው። ብቻዋን የበላችው ነገር ጉሮሮዋ ላይ ይቆምባታል።

አንድ ቀን ልጇ በሰው እጅ ጥቁር ቸኮሌት ላከችላት፤ ወዲያውም ደወለች።

"እማዬ፣ ይሄ እንደ ልጆቹ ቸኮሌት አይደለም። ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ካካዎው ይበዛል። ለደም ሥር ጥሩ ነው፣ ግፊትም በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል ይላሉ።"

"የግፊት ኪኒኔን ልተወው ታዲያ?"

"ኧረ እንዳትተዪ። ኪኒኑ ኪኒን ነው። ይሄ ከምሳ በኋላ ሁለት ቁራጭ ብቻ። ደግሞ ለእንግዳ ብለሽ እንዳታስቀምጪው፣ አውቅሻለሁ።"

"የምን እንግዳ?" አለች እናት። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ልጅቷም ሥራ ላይ ነኝ ብላ ዘጋች።

በማግስቱ ምሳ በልታ ስትጨርስ ወረቀቱን በመቀስ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችና ሁለት ቁራጭ አወጣች። አንዱን አፏ ውስጥ አኖረች። መጀመሪያ መረረ፣ ቆይቶ ለሰለሰ። ቁልፍ ጅራቱን እየቆላ አንጋጦ ያያታል።

"አንተም እኮ አርጅተሃል። ልብህን ይጠግንልህ" ብላ ሁለተኛውን ሰጠችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲለማመጣት ደግሞ ሌላ ጨመረችለት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ውሻው ምንጣፉ ላይ አስመለሰ። ከዚያ መተኛት አቃተው፤ ከግድግዳ ግድግዳ እያለከለከ ተመላለሰ፤ እግሮቹም ይንቀጠቀጡ ጀመር። ደረቱን በመዳፏ ዳበሰችው። ልቡ ፔዳሉ በኃይል እንደተረገጠ የስፌት መኪናዋ መርፌ ይሮጣል።

ሰው መጥራት ነበረባት። እሷ ደግሞ በዚህ ሕንፃ አሥራ አንድ ዓመት ስትኖር የሰው በር አንኳኩታ አታውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ባለታክሲ የቆየ ደንበኛዋ ነው፤ የወገቡን ልክ በቃሏ ታውቃለች፣ በሩን ግን አይታው አታውቅም። ውሻውን በፎጣ ጠቅልላ ደረጃውን ወጣች። እጇን አነሳች፤ መልሳ አወረደች። ቁልፍ ፎጣው ውስጥ ሲንዘፈዘፍ ነው ያንኳኳችው።

"እትዬ? ሱሪዬ ደረሰ እንዴ?" አለ ባለታክሲው። ከዚያ ፎጣውን አየ።

"እየሞተብኝ ነው" አለችው።

"ጫማዬን ላጥልቅ" አለና ሮጠ።

በታክሲው ክሊኒክ አደረሳቸው። የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ውሻውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ልቡን አዳመጠች።

"ምን በላ፣ እናቴ?"

"ክፉ ነገር አልሰጠሁትም። እኔ የበላሁትን ነው።"

"እርስዎ ምን በሉ?"

"ጥቁር ቸኮሌት። ለልብ ጥሩ ነው ተብዬ።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም። "ለእርስዎ ሊጠቅምዎት ይችላል። ካካዎው ውስጥ ያለውን ነገር የኛ ሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል። ውሻ ላይ ግን ይቆይና ልቡን ያስጋልበዋል። ድመትም እንደዚያው ናት። ቸኮሌቱ በጠቆረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ምን ያህል ሰጡት?"

"እኩል ነው የተካፈልነው" አለች። ቁራጮቹን በጣቷ ቆጠረችና፣ "አይ፣ ለሱ አብልጫለሁ" አለች።

"እኔ የሰባት ዓመት ደንበኛ ነኝ፤ አንድ ከረሜላ እንኳ ሰጥተውኝ አያውቁም" አለ ባለታክሲው ሊያስቃት ብሎ። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ሐኪሟ መድኃኒት አጠጥታ፣ የፊት እግሩ ላይ ጉሉኮስ ሰካችለት። "እስከ ነገ እዚህ ይቆይ። እርስዎ ይሂዱና ይረፉ። ቤት ሰው አለ?"

"እሱ አለ" አለች፣ በጣቷ ወደ ጠረጴዛው እያሳየች።

ባለታክሲው ፎጣውን ይዞላት ወደ ቤቷ መለሳት።

ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቁልፍ እየተንገዳገደ፣ ግን በራሱ እግር ወጣ። ደረቱን ዳበሰችው፤ ልቡ ረግቷል። አቅፋው እስከ ቤቷ በእግሯ ሄደች፤ ማንም እንዳያያት ሻሿን ዝቅ አድርጋ አለቀሰች።

እሁድ ከሰዓት የተረፈውን ቸኮሌት በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። አሁን ለማንኳኳት ብዙ አልቆመችም።

"ቤቴ ባይቆይ ይሻላል ብዬ ነው። ለልብ ጥሩ ነው ይላሉ" ብላ ጥቅሉን ሰጠችው።

"ልቤስ ደህና ነው እትዬ፤ ያስቸገረኝ ወገቤ ነው። እስኪ ይግቡ፣ አብረን እንቅመሰው።"

ከትከሻው ወዲያ ጠረጴዛ ታየ፤ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ ጋዜጣ የተከመረበት ሁለተኛ ወንበር። ባለታክሲው ጋዜጣውን ለማንሳት ዞር አለ።

"ውሻው ብቻውን ነው" አለች ቶሎ ብላ። እውነቷን ነበር።

ደረጃውን ስትወርድ፣ ምን ነበረበት አምስት ደቂቃ ብትቀመጪ፣ እያለች ራሷን ወቀሰች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም አለች። የባለታክሲው በር ሲዘጋ አልሰማችም። ምድር ቤት ደርሳ፣ የራሷን በር ከፍታ ገብታ እስክትዘጋ ድረስ፣ የሱ አልተዘጋም።