ሲላላና ሲጠብቅ

የብርጓል ትባላለች፤ የይጁቤ አገር አልቃሽ ነበረች። አልቃሽ ማለት እንባ የሚቀናት ሴት መስላችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል። እሷ የሟቹን ጠባይ፣ ሥራውን፣ ከማን ተጣልቶ ከማን እንደታረቀ ሳይቀር አስታውሳ፣ በሁለት ስንኝ ቋጥራ ስታወርደው፣ ልቤ ድንጋይ ነው የሚለው ወንድ ሁሉ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። አገሩም «የብርጓል ካላለቀሰችለት ሞተ አይባልም» ይል ነበር።

እና የገዛ ልጇ ስትሞት ደረቀችላችሁ። ጉድ እኮ ነው!

ዜማ አንድ ልጇ ነበረች። ተማረች፣ ተመረቀች፣ መምህርት ሆና ቆላ ወረደች። እናት በየማታው ትደውላለች። አንድ ማታ የልጅቱ ድምፅ ቀጠነባትና «ምን ሆነሻል ልጄ?» አለቻት።

«ምንም። ደህና!»

«እንግዲያ ደህና ካልሽ ደህና እደሪ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ወባ ይዟት ኖሯል። በሳምንቱ አስከሬኗ መጣ።

በልቅሶው ቀን ሰው ሁሉ አፍ አፏን ያያል፤ ዛሬማ ምን ትል ይሆን ብሎ ነዋ! እሷ ቆማ ቆማ አንዲት ነገር ብቻ ወጣላት፦

በስልክ ጠይቄያት፣ እንዴት ነሽ እያልኩኝ፣
ዜማዬ ደህና አለች፣ እኔም አምኜ ዋልኩኝ።

በቃ። አፏ ተዘጋ፣ እንባም ጠብ አላለ። «ልቧ ደንግጦ ነው፣ ይመለሳል» አሉ። አልተመለሰም። ሰው ሲሞት ይጠሯታል፤ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ንፍሮዋን ቆርጥማ ትመለሳለች። ሰው ሲስቅም ሲያለቅስም እኩል ታየዋለች። እንጨት ሆነች።

መሳፍንት የእህቷ ልጅ ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁሞ ጊታር ይመታል። በዓመቱ መጣና «አክስቴ፣ ያችን ስንኝሽን ዘፈን ላድርጋት? ለዜማ መታሰቢያ ትሁናት» አላት።

«ውሰዳት።»

«ቅር አይልሽም?»

«ቅር የሚለው ሰው የት አለና! ብቻ ቃሉን እንዳትነኩብኝ።»

ቃሉንስ አልነኩም። መሳፍንት በወረቀት ጽፎ ለዘፋኙ ለአንሙት ሰጠው፣ የጊታሩን ድርሻ ቀረጸ፣ ከዚያ ደምበጫ ሠርግ ነበረበትና ሄደ። አንሙት ወረቀቱን ይዞ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ። የፊደላችንን ነገር መቼም ታውቃላችሁ፤ ይላላ ይጥበቅ አይናገርም። «አለች» ሲላላ ተናገረች ነው። ሲጠብቅ ግን ትኖራለች ነው። አጅሬ አንሙት «ለ»ን አጥብቆ ለቀቃት! ዜማዬ ደህና አለች፣ በሕይወት አለች፣ እኔም አምኜ ዋልኩ። ኪቦርዱ ሞቅ አደረገው፣ ከበሮው ተከተለ፣ ሙሾዋ የፍቅር ዘፈን ሆና ቁጭ አለች።

መሳፍንት ተመልሶ ሲሰማት ቀልቡ ተገፈፈ። ምን ዋጋ አለው፣ ሙዚቃ ቤቱ በየሰዉ ሚሞሪ ካርድ ላይ ጭኖ ጨርሷል። ወዲያው ከደብረ ኤልያስ እስከ ደምበጫ ባጃጁ ሁሉ እሷን ብቻ የሚጮህ ሆነ። ሙሽራ በእሷ ገባ፣ እስክስታ በእሷ ተወረደ። ሰዉ «ዜማዬ» የሚለውን ዘፋኙ ለፍቅረኛው ያወጣላት ስም ነው ብሎ ተረጎመው።

የብርጓል የሰማቻት ማርቆስ ገበያ የወጣች ዕለት፣ ባጃጅ ውስጥ ነው። ሾፌሩ በመስታወቱ አያትና «እማማ፣ አዲሱን ነጠላ ዜማ ሰሙት?» አላት።

«አዎ፣ ነጠላ ነበረች» አለች። «እህትም ወንድምም አልነበራት።»

ሾፌሩ ምን እንዳለች አልገባውም፤ ድምፁን ጨመረው። እሷም እስከ መጨረሻው አዳመጠች። አልተቆጣችም፣ አልከፋትም፣ ደስም አላላት። ወረደችና ጨው ገዛች።

መሳፍንት ግን እንቅልፍ አጣ። ይጁቤ ድረስ ሄዶ እግሯ ላይ ወደቀ። «አበላሸንብሽ አክስቴ! ግን እናርመዋለን። አንቺው ራስሽ ነይና በድምፅሽ በይው። ሰው ትክክለኛውን ይስማ፣ ለልጅሽም ይለቀስላት።»

«እሺ» አለች። እምቢ ለማለትም ጉልበት ያስፈልጋላ።

ስቱዲዮ የሚሏት ግድግዳዋ ብርድ ልብስ የለበሰ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የብርጓልን ከማይክሮፎኑ ፊት አቆሙና ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። አንሙት ከክፍሏ መስታወት ወዲያ አንገቱን ደፍቷል። «እርስዎ ያን ዕለት እንዳሉት፣ ላላ አድርገው ይበሉት እማማ» አላት።

የመጀመሪያው ስንኝ ደህና ወጣ። «ዜማዬ ደህና…» ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ምንም አይደል፣ ከላይ እንጀምር» አላት መሳፍንት።

ጀመረች፣ እዚያው ስትደርስ ቆመች። ደግማ ጀመረች። አሁንስ አለችው፤ ግን አጥብቃ። ያውም ከአንሙት ይልቅ አጥብቃ።

«ጠበቀ እኮ አክስቴ! ላላ በይ እንጂ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ አጣዋለሁ?» ማዳመጫውን አወለቀች። «ላላላው ብል እምቢ አለኝ። አገር ምድሩ ‹አለች፣ አለች› ሲላት ከርሞ፣ እኔ እናቷ መጥቼ የለችም ልበል? አንድ ጊዜ ቀብሬያታለሁ፤ አሁን ደግሞ በአፌ ልቅበራት? ተዉት ልጆቼ፤ እንደ ጠበቀ ይቆይልኝ።»

መሳፍንት መቅረጫውን አጠፋ። አልቃሿ የብርጓል እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ ግንባሯን ደፍታ፣ ያለ አንዲት ስንኝ አለቀሰች።