ውሃ ያጠበቀው ዶማ

ሥራ የጀመርኩት ወልድያ ውስጥ፣ አባ ይማም ከሚባሉ የእንጨት ባለሙያ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን መጥረቢያ ያስይዙኛል ብዬ ስቁነጠነጥ፣ የተሰበረ የአካፋ እጀታ እግሬ ሥር ጣሉና «ይህን ማን ገደለው?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! «እኔ አይደለሁም» አልኳቸው። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

እሳቸው አልሳቁም። «ስብራቱን እየው» አሉኝ። «ረዥም ስንጥር አውጥቶ የተሰበረ እንጨት ጉልበት በዝቶበት ነው፤ ጥፋቱ የሠራተኛው ነው። እንደ ብስኩት ቁርጥ ያለ እንጨት ግን ቀድሞም የታመመ ነው፤ ጥፋቱ የጠራቢው ነው።» አገላብጬ አየሁት። ግማሹ ስንጥር፣ ግማሹ ቁርጥ ነበር። ግራ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ሙያ ውስጥ አብዛኛውን ዕድሜዬን ግራ ገብቶኝ ነው የኖርኩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘሐራ የሚባሉ ሴት ብረቱ የሚወዛወዝ ዶማ ይዘው መጡ። አባ ይማም አዩትና ምንም ሳይናገሩ ከነብረቱ የውሃ ገንዳው ውስጥ ነከሩት። አመሻሹ ላይ ሴትየዋ ሲመለሱ አወጡና ድንጋይ ላይ መቱት። ንቅንቅ የለም! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ደምሴ፣ ከጎረቤት መጋዙን ተቀብለህ ና» አሉኝ። ሄድኩ። መጋዙን ይዤ ስመለስ ሴትየዋ ዶማቸውን ይዘው ሄደዋል።

በአባ ይማም ቤት ስድስት ዓመት ሠራሁ። መጀመሪያ እንጨት ፈላጭ፣ ቀጥሎ ጠራቢ፣ በመጨረሻ ዛቢያ አስገቢ ሆንኩ። ዛቢያ የምንለው የዶማ፣ የመጥረቢያና የመሳሰለው እጀታ ነው። ለመጥረቢያ ወይራ፣ ለዶማ ክትክታ እንጠቀማለን። እንጨቱ በበጋ ይቆረጣል። በመጋዝ አይሰነጠቅም፤ በመጥረቢያ ይፈለጣል፤ የሚፈለጥ እንጨት በራሱ ጅማት ነውና የሚሄደው። ከዚያ ጫፍና ጫፉ እበት ተቀብቶ ጥላ ውስጥ ወራት ይከርማል።

ውፍረቱን የሚወስነው የገዢው እጅ ነው። ዛቢያውን ሲጨብጥ የጣቶቹ ጫፍ መዳፉን ሊነካ ሲቃረብ፣ ያ ልኩ ነው። ከዚያ ዛቢያው ከታች በዶማው ቀዳዳ ይገባል፤ ከላይ በኩል አናቱ ይሰነጠቅና ደረቅ ሽብልቅ ይመታበታል። ሽብልቁ እንጨቱን ወጥሮ ብረቱን ይይዛል። ሥራው ይኸው ነው።

በስድስቱ ዓመት ውስጥ አባ ይማም ዶማ ውሃ ውስጥ ሲነክሩ ሁለተኛ አላየኋቸውም። ይህ ነገር ውስጤን ይበላኝ ነበር። ለምን ተዉት? ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? በቃ፣ ሚስጥራቸው ስለሆነ ደብቀውኛል አልኩ። ባለሙያ ዋናውን ነገር አያስተምርም፤ ተማሪው በዓይኑ ይሰርቃል እንጂ። እኔም በመጀመሪያው ቀን ሰርቄያቸዋለሁ ብዬ በሆዴ ኮራሁ። አልጠየቅኳቸውም።

መርሳ ወርጄ ከገበያው ጀርባ የራሴን ዳስ ስሠራ፣ ያን ሚስጥር ይዤ ነው የወረድኩት። ዛቢያዬ ላይ በጋለ ብረት ሁለት ቀለበት አተምኩ። የገዛኝን ሁሉ ሳልመክር አልሸኝም፤ «ወደ ሥራ ከመሄድዎ በፊት ከነብረቱ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፤ ጥብቅ ይላል» እላለሁ። ሰዉም ወደደው። ከግራናና ከውርጌሳ አካባቢ እየመጡ ባለ ሁለት ቀለበቱን ስጠን ይሉኝ ጀመር።

ደግሞ የሚያማርሩም መጡ። አንዲት የውርጌሳ ሴት «ጧት ጥብቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይንቀጫቀጫል» አሉኝ። «ውሃው አንሶት ነው፤ ሁለት ሌሊት ያሳድሩት» አልኳቸው። ከሳምንት በኋላ ብሶበት መጡ። «እንግዲያው ሦስት» አልኳቸው። አይ ደምሴ!

ነገሩ እየበዛ ሲሄድ እንጨት ቀየርኩ፤ በክትክታው ፈንታ ወይራ አስገባሁ። ያው ነው። ሽብልቁን አወፈርኩ። ያው ነው። በመጨረሻ ብረቱን ከሚሠራው ቀጥቃጭ ጋር ተጣላሁ፤ ቀዳዳው እየሰፋ ነው አልኩት። «ብረት እንደ ሱሪ ይሰፋል እንዴ?» ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ተናድጄ ለሁለት ወር አላነጋገርኩትም።

በዚህ መሀል ነው ከግራና ስልክ የተደወለልኝ። ደዋዩ የመንደሩ ሽማግሌ ሸህ ሙሄ ነበሩ። «አያ ደምሴ፣ ዶማዎ ሰው መቷል። ነገ ይምጡልን» አሉኝ።

በነጋታው በባጃጅ ሄድኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። መንደርተኛው በጅጌ፣ ማለት ተሰባስቦ በጋራ፣ የሽንኩርት ማሳውን ቦይ ሲጠርግ ነበር። ሑሴን የሚባል ሰው ዶማውን ሲያነሣ ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ በረረና ከኋላው የቆመውን እንድሪስን ቅልጥሙ ላይ መታው። አጥንቱ ተሰበረ። እንድሪስ የሑሴን እህት የከድጃ ባል ነው።

አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ሰው ያዝናል፣ ያልፋል። ግን ሁለቱ ከጥቂት ቀን በፊት በውሃ ተራ ተጣልተው፣ ሑሴን በሰው ፊት «ታያለህ!» ብሎት ነበር። መንደሩ ያችን ቃል ያዘ። መላላቱን እያየ ሆን ብሎ ነው የሰነዘረው ተባለ።

ዶማውን አመጡልኝ። ሁለቱ ቀለበቴ ዛቢያው ላይ አለ፤ የኔ ነው። አልተሰበረም። ስንጥርም ቁርጥም የለው! ሽብልቁ ጠፍቷል፤ ብረቱ የሚቀመጥበት አንገት ግን አንድ ነገር የጠባው ይመስል ቀጥኗል። እኔ እንዲህ አድርጌ አልጠረብኩም። እንጨት በራሱ ይከሳል እንዴ? አገላበጥኩት፣ አሸተትኩት፣ ምንም አልገባህ አለኝ።

ሑሴን ቀረበኝ። «ወላሂ አያ ደምሴ፣ ጧት ጥብቅ ነበር። እርስዎ እንደሚሉት ቦዩ ውስጥ አሳድሬው ነው የወጣሁት» አለኝ።

«ደግ አድርገሃል» አልኩት። አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት።

ሸህ ሙሄ ፍርዱን አጭር አደረጉት። «እኛ እንጨት አናውቅም። እርስዎ ዛቢያው ጤነኛ ነበር ብለው በሃይማኖትዎ ይማሉልን። ከማሉ ጥፋቱ የሑሴን ነው። ካልማሉ የእርስዎ ነው» አሉኝ።

ያኔ ከድጃ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ዓይኗ አብጧል። «ይንገሩኝ አያ ደምሴ» አለች፤ «ባሌን የመታው ወንድሜ ነው ወይስ እንጨትዎ? ወንድሜ ከሆነ ዳግመኛ ደጄን አይረግጥም። እንጨትዎ ከሆነ ግን ያለ ጥፋቱ ሰው ፊት አያዋርዱብኝ።» ምን ልበላት? እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ፤ ሰጡኝ።

መርሳ ተመልሼ ሁለት አዲስ ዶማ አዘጋጀሁ። እንጨታቸው አንድ፣ ሽብልቃቸው አንድ፣ ብረታቸው አንድ ነው። አንዱን በርሜል ውስጥ ነከርኩት፣ ሌላውን ደረቁን ተውኩት። የተነከረው በማግሥቱ እንደ ድንጋይ ጠብቋል። እሰይ፣ እንጨቴ ንጹሕ ነው አልኩ። ከዚያ፣ ገበሬው ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው ብዬ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከሰዓት በኋላ ሳነሣው ቀጭ አለ። መልሼ ነከርኩ፣ መልሼ አሰጣሁ። በአራተኛው ቀን ብረቱን በጣቴ ብገፋው ወለቀ። ደረቁ ዶማ ንቅንቅ አላለም።

ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ብረት ግን ቦታ አይለቅለትም። ያበጠው እንጨት ብረቱ ውስጥ ይጨፈለቃል። ሲደርቅ ከመጀመሪያው ልኩ ያነሰ ይሆናል። በነከሩት ቁጥር ይከሳል። ነገሩ ለአንድ ጠራቢ ይህን ያህል ከባድ አልነበረም፤ እኔ ግን ፀጉሬ እስኪሸብት አላየሁትም።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። አባ ይማም ነክረውታል! በዓይኔ አይቻለሁ! እሳቸው ተሳስተዋል ማለት ነው? ሐሙስ ዕለት በሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል፤ በራቸው ላይ ተቀምጠው የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። እጄን ዳብሰው፣ እሳቸው ዘንድ ሳለሁ መጥረቢያ በተወብኝ ጠባሳ አወቁኝ።

«አባ፣ የእትዬ ዘሐራን ዶማ ያስታውሳሉ? ውሃ የነከሩትን?» አልኳቸው።

«አዎን። ያን ማታ የውሃ ተራ ደርሷት፣ ሳትቆፍር የማይሆንላት ሥራ ነበራት። ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ አምጪውና ሽብልቁን እቀይርልሻለሁ አልኳት። በነጋታው አመጣችው፣ ቀየርኩላት። አንተ የት ነበርክ?»

ሲነግሯት መጋዝ ልከውኝ ነበር። በነጋታው እንጨት ፈለጣ ልከውኝ ነበር። ይህን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ሚስጥርዎ መስሎኝ።»

ሳቃቸው መጣ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ድንገት አቆሙና «ለስንት ሰው ነገርክ?» አሉኝ። ገበያ ላይ የቆምኩባቸውን ቅዳሜዎች ማን ቆጠራቸው? ሲሉ ሰምታ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለእኔ ነው። አለቀስኩ፤ አላፍርም፣ ሽማግሌው ፊት አለቀስኩ።

ቅዳሜ ግራና እስክደርስ ባጃጁ ውስጥ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። ብምል እኮ ውሸት አይሆንም! ዛቢያው ከእጄ ሲወጣ ጤነኛ ነበር። የተጠየቅኩትም ይኸንኑ ነው። ምዬ ብመለስ ስሜ ይተርፋል፣ ባለ ሁለት ቀለበቱ መሸጡን ይቀጥላል። ሑሴን ደግሞ የእህቱን ባል ቅልጥም የሰበረ ተብሎ ይኖራል። ከባጃጁ ስወርድ ገና አልቆረጥኩም ነበር፤ ይህንን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ሽማግሌዎቹ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እንድሪስ እግሩ ታስሮ፣ ክራንቹ አጠገቡ፤ ሑሴን ራቅ ብሎ ብቻውን። ከድጃ ከሁለቱ በማን በኩል እንደምትቀመጥ ጠፍቷት ቆማለች። እሷን ሳይ ቆረጥኩ።

«አልምልም» አልኩ። ስነክረውና ሳሰጣው የሰነበትኩትን ዶማ፣ ብረቱን መልሼ እንደሰካሁ፣ ከከረጢት አውጥቼ ፊታቸው በጣቴ ገፋሁት። ብረቱ መሬት ወደቀ። «እንጨቱ ጤነኛ ነበር። ያሳመመው የኔ ምክር ነው። ንከሩት ያልኳችሁ እኔ ነኝ። የሑሴን ጥፋት እኔን ማመኑ ብቻ ነው» አልኳቸው።

ቀድሞ የተናገረው እንድሪስ ነው። «የኔም ዶማ እኮ በዚያ ሌሊት ከሱ ዶማ ጎን ነበር የተነከረው» አለ። «ሑሴን መንከር አያውቅም ነበር። ዶማውን ከገበያ የገዛሁለት፣ ከአያ ደምሴ ሰምቼም ያሳየሁት እኔ ነኝ። የኔ ብረት ቀድሞ ወልቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚያ ብቻውን የሚቀመጠው ማን ነበር?»

ከድጃ ሄዳ ወንድሟን ከተቀመጠበት አስነሣችው፤ እጁን ይዛ ባሏ አጠገብ አስቀመጠችው። ሸህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ፣ እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አሁን ደግሞ የመንደሩን ዶማ ሁሉ ያዩልናል» አሉኝ። ይህ ፍርድ ሳይሆን ምሕረት ነበር።

ያን ቀንና ቀጥሎ ባሉት ቀናት የመንደሩን ዛቢያ አንድ በአንድ እያወጣሁ አንገቱ የከሳውን ቀየርኩ፣ ላልከሳው ደረቅ ሽብልቅ መታሁ። የእንድሪስ እግር እስኪድን የሱን ቦይ እኔና ሑሴን እየተፈራረቅን ጠረግን። ከቀጥቃጩም ታረቅኩ። ስለ ሱሪው አስታወሰኝና ሁለታችንም ሳቅን።

አሁን በየገበያው እየዞርኩ አትንከሩ እላለሁ። ሰዉ አያምነኝም። «አያ ደምሴ፣ አምና ንከሩ አሉን፣ ዘንድሮ አትንከሩ ይሉናል፤ የትኛውን እንያዝ?» ይሉኛል። የዘንድሮውን እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ሄዶ ይነክራል። የውርጌሳዋን ሴት ደግሞ እስካሁን ፈልጌ አላገኘኋቸውም።

ዛቢያን የሚያጠብቀው ደረቅ እንጨትና ደረቅ ሽብልቅ ነው። ሲላላ ሽብልቁ ይቀየራል፤ ውሃ ቢያጠብቀውም ለዚያች ቀን ብቻ ነው። አለቃችሁ ሲሠራ ያያችሁትን ነገር፣ ለምን እንደሠራው ሳትጠይቁት ለሌላ ሰው አትንገሩ።