አቧራ ያጥባል የተባለው ወተት

የሚፈላ ወተት ሽታ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል።

ታላቅ እህቴ ዲላ ውስጥ ባለ አንድ የቡና መቀሸሪያ ቡና ለቃሚ ነበረች። ማሽኑ ገለፈቱን ሲያራግፍ የሚነሳው አቧራ ሴቶቹን ከሻሻቸው እስከ እግራቸው ያለብሳቸዋል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ብሎ ነገር የለም። በምትኩ ካቦው ከሥራ ሲወጡ አንዳንድ ኩባያ ወተት ያድላቸዋል፤ "አቧራውን አጥቦ ያወርደዋል" ይላል፣ ዓይነ ደረቅ! ሁሉም ያምኑታል። እኔም፣ አፈር በበላሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ላም ካላት ጎረቤት ግማሽ ሊትር እየገዛሁ እጨምርላት ነበር።

ሥራዬ ምን መሰላችሁ? እዚያው ዲላ ነርስ ለሚሆኑ ልጆች ስለ ሳንባ ማስተማር። ሰሌዳው ላይ ሴል እስላለሁ። "ይህ ሴል አቧራ ሲነካው ዝም አይልም፤ የድረሱልኝ መልእክት ይልካል። ነጭ የደም ሴሎች ሰምተው ይጎርፋሉ። አቧራው በየቀኑ ከመጣ ግን ጥሪው አያቆምም፤ ሊረዱ የመጡት ራሳቸው ሳንባውን ያቆስሉታል" እላለሁ። የጠጡት ወተት ሆድ እንጂ ሳንባ እንደማይገባም አውቃለሁ። ግን እናታችንም የምትለው ነገር ነበር፤ ደግሞ ወተት ማንን ገደለ ብዬ ተውኩት። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እኔ ነኝ ያ።

አንድ እሁድ ቤቷ ስሄድ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ይዛ ስትስል አገኘኋት። ሳሉ ሲለቃት ጣሳውን ወለሉ ላይ አኖረችው። አክታው ቡናማ፣ ወፍራም፣ የሚሳብ ነው፤ ላዩ ላይ ትናንት የጠጣችው ወተት የመሰለ አረፋ አለ። ፊቴን አዙሬ ደጅ ወጥቼ አስመለስኩ።

"ተጸየፍከኝ እንዴ?" አለችኝ ስመለስ።

ራሴን ነበር የተጸየፍኩት፤ እሱን ግን አልነገርኳትም። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ ብዙ አየው። ቁስሉ ጠባሳ ሆኗል፣ የጠፋው አይመለስም፣ አቧራው ዛሬውኑ ካልቆመ የቀረውም ይሄዳል አለን።

"ወተቱንስ ልጨምር፣ ዶክተር?" አለችው እህቴ።

"የምን ወተት?"

"ሳንባ የሚያጥበው ነዋ።"

ሐኪሙ ሊስቅ ትንሽ ቀረው። "ማነው እንደዚህ ያለሽ?"

እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ።

"ይኸው ወንድሜ የሚገዛልኝ። የሳንባ አስተማሪ ነው እኮ።"