መስመር የሌለው ኖታ

ከጋሳይ እስከ ወንዛዬ ድረስ፣ ወረቀት ላይ ሰፍሮ እኔን ያሸነፈኝ የዜማ ምልክት የለም። ይህን የተናገርኩት ደብረ ታቦር እህቴ ቤት ቁጭ ብዬ፣ የድንች ወጧን እየጠራረግሁ ነው።

«ድጓ ሊማር ሄዶ አንድ ክረምት ሳይሞላው የተመለሰ ሰው!» አለች እህቴ።

ልጇ ግን አልሳቀችም። አዲስ አበባ ሙዚቃ የምትማር፣ ማሲንቆ የምትጫወት ልጅ ናት፤ ለመመረቅ አንድ ፈተና ቀርቷታል። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣችና «ኖታ ነው» አለች። እኔ ያየሁት የአገሩ ዶሮ ሁሉ ተሰብስቦ የጫረው አውድማ ነው። ነጥብ፣ ጭረት፣ ቅስት፣ መሃል ላይ የበሬ ዓይን የሚያህል ጥቁር ክብ። አምስቱ መስመር የት እንደገባ እንጃ።

«ይሄን የጻፈው ሰውዬ ታሟል?»

«ደህና ነው ጋሼ፤ ሆን ብሎ ነው። ድምፁን የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው። ግን እንዳሻን መጮህ አይቻልም። የቱ ምልክት ምን እንደሆነ ወስነን፣ መምህሬ ሲጠይቀኝ ማስረዳት አለብኝ። ካላስረዳሁ ወደቅሁ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ትንሽ አፍጥጬ ስቆይ፣ እነዚያ የድጓ ምልክቶች ብቅ ብቅ አሉልኝ። የተደፋው ቅስት ድፋት ነው፤ ድምፅ ይወርዳል። የነጥቡ ሰልፍ ርክርክ ነው፤ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ጥቁሩ ክብ አገር የሚያውቀው ባይሆንም፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ መጮህ ይሁን ብዬ ፈረድኩ። እኔ አዜማለሁ፣ እሷ ዓይኗን ከአፌ ሳትነቅል በማሲንቆ ትከተለኛለች። ጥቁሩ ክብ ላይ ስደርስ ጉና ተራራ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ቀና ያለ መሰለኝ።

በማግሥቱ መምህሯ በስልክ ቪዲዮ ቀረበ። ዜማውንም የእኔን ማብራሪያም እስከ መጨረሻው ሰማንና ግንባሩን ቋጠረ።

«እኔ ዘንድ ባለው ወረቀት ቅስቱ ሽቅብ የተከፈተ ነው። ተደፋ ያላችሁት ከየት አምጥታችሁ ነው? ደግሞ የጀመራችሁት ከመጨረሻው ነው!»

ልጅቱ ፊቷ አመድ መሰለ። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች።

«ጋሼ! ገልብጠው ነበር እንዴ የሚያነቡት?»

ምን ላድርግ፤ ለመምህሩ አስረዳሁት። የኔታ ዘንድ መጽሐፉ አንድ ነው፤ ተማሪው ዙሪያውን ከቦ ይቀመጣል። ዘግይቼ ስለምመጣ የእኔ ቦታ ሁልጊዜ ከየኔታ ትይዩ ነበር። ፊደሉም ምልክቱም እግሩን ሰቅሎ ነው የገባኝ።

መምህሩ ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ «ደራሲው ወረቀቱን በፈለጋችሁት በኩል ያዙት ብሏል። አነባበባችሁ ሕግ ካለው ግን ሲደገምም ያው መሆን አለበት፤ ድገሙትና ልየው» አለ። ደገምነው፤ ድፋቱም ርክርኩም በየቦታቸው ገቡ።

«አልፈሻል» አላት። እህቴ ከጓዳ እልል አለች።

«አሁን ደግሞ አባቴ፣ ለጨዋታ ያህል አቅንተው ይሞክሩልኝ» አለኝ መምህሩ። ልጅቱ ወረቀቱን አዙራ ሰጠችኝ። እኔም ቀስ ብዬ መልሼ ገለበጥኩት። ሽበቴ ይኸው ጆሮዬን አልፏል፤ የዜማ ምልክት ቀንቶ ፊቴ ሲቀመጥ ግን እስከ ዛሬ አንዲቱንም አላውቃትም።