መርዶ ወደ ሞንታና

የዘሪቱ ችግር እንዲህ ነበር። የአክስቷን ሞት ከአዲስ አበባ ሰምታለች፤ የአክስቷ ልጅ ካሣዬ ግን አልሰማም። ካሣዬ የሚማረው ሞንታና፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ስልክ አለው። ግን የእናትን ሞት በስልክ ማን ያረዳል? መርዶ ወግ አለው፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ወዳጅ ዘመድ ተከትሎ ነው የሚነገረው። በዚያች ከተማ ደግሞ ከካሣዬ ሌላ አንድም ሐበሻ የለም።

ስለዚህ ዘሪቱ በምትኖርበት ሞቃት የደቡብ ከተማ፣ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ካለው የፓርኪንግ ሥራዋ ፈቃድ ጠየቀች። ለካሣዬም «ልንጠይቅህ እየመጣን ነው» ብላ ደወለች። ሽማግሌው እዚያው ከተማ፣ ኢንግልዉድ ሰፈር የሚኖሩት ጋሼ ሀይለገብርኤል ሆኑ። አውሮፕላን ግን አይሞከርም አሉ።

«አንዴ አምጥቶኛል፤ ሁለተኛ አላስቸግረውም።»

በባቡር ሄዱ። እስከ ሲያትል ባሕሩም ከተማውም አላስደነቃቸውም። ሲያትል አድረው ወደ ምሥራቅ በሚሄደው ባቡር ተሳፍረው ተራራውን ሲሻገሩ ነው ጉዱ የመጣው። ሜዳው ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፤ መጋጠሚያቸው አይታይም። ከስንት መንገድ በኋላ አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ በበረዶ የተቀበረ መኪና ብቅ ይላል፤ ይህ ከተማ ነው! ከዚያ እንደገና ምንም።

«አንቺ፣ ሰዉን የት አደረጉት?» አሉ ጋሼ፣ መስኮቱን በእጅጌያቸው እየወለወሉ።

ትኬት ተቆጣጣሪው ደግ ሰው ነበር። ጥቁር መልበሷን አይቶ ምን ገጠመሽ አላት። ዘሪቱም አንድ በአንድ አስረዳችው፤ የካሣዬን ስም፣ የከተማዋን ስም፣ ነገ ጧት እስኪነገረው መሳቅ እንዳለባቸው እንኳ ሳይቀር።

«ምነው ሁሉን ዘረገፍሽለት?»

«ጋሼ ደግሞ! እኔ በምኖርበት ፌርፋክስ ሰፈር ግድግዳ የሚጋራኝን ሰው ስም አላውቅም። ይሄ ሰውዬ እዚህ ምድረ በዳ ላይ ለማን ይነግራል?»

የሰሜን ባቡር አሠራር ግን ሌላ ነው። ተቆጣጣሪው ሬዲዮ አለው፤ በሬዲዮው ከፊት ላለው ጣቢያ ይናገራል። በረዶ በሚገድልበት አገር ማን እንደሚመጣ፣ ምን ችግር እንዳለበት ቀድሞ ማሳወቅ የነፍስ ጉዳይ ነው። እሱም በቅንነት «የካሣዬ ዘመዶች ሐዘንተኞች ናቸው፣ ተቀበሏቸው» አለ፤ ከነገረችው ውስጥ የጧቱን ነገር ረስቶታል። የጣቢያው ሹም ደግሞ ሐበሻውን ያውቀዋል። የማያውቀው የለማ! ሄዶም «ሐዘንተኛ ዘመዶችህ እየመጡ ነው» አለው። የሰው ብዛት ባነሰ ቁጥር ወሬ ይፈጥናል፤ ዘሪቱ የገመተችው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ባቡሩ እኩለ ቀን ላይ ቆመ። ዘሪቱ ጥቁሩን በቀይ ሹራብ ለውጣ፣ ፈገግታዋን አስተካክላ ወረደች። ካሣዬ ቆሟል። ከጎኑ ሹሙ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፤ አንዲት የምግብ ቤት ሴት የተሸፈነ ድስት ታቅፋለች።

«ዘሪቱ፣ እማዬ ሞተች እንዴ?» አላት ካሣዬ።

ክው አለች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ጋሼ አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ እንደሆነ ቀሩ።

ካሣዬ አላለቀሰም። ሻንጣቸውን ተሸክሞ ወሰዳቸው፤ ሻይ አፈላ፤ ስለ ብርዱ አወራ። ማታም አላለቀሰም። ይህ ዘሪቱን ከሁሉ በላይ አስደነገጣት።

«ሰማ እንጂ አልተረዳም» አሉ ጋሼ። «እንዲህ ከቀረ ልጁን ይገድለዋል። በወጉ ይነገረው።»

«በማን? ሁለት ሰው ነን እኮ!»

«የነገሩት ይምጡ።»

ዘሪቱ በዚያው ማታ ወጥታ ሹሙንና የምግብ ቤቷን ሴት አገኘቻቸው። ያጠፉትን ስትነግራቸው ሹሙ አመድ መሰለ። ያወቀውን መልሶ መንገር ምን ይጠቅመዋል ቢላት፣ መርዶ ወሬ ማድረስ ብቻ ሳይሆን ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ማድረግ መሆኑን ቀስ ብላ አስረዳችው። አትሳቁ፣ አትናገሩ፣ ጋሼን ቀድማችሁ አትግቡ አለቻቸው።

አሁን ጎህ ቀዷል። ካሣዬ ሳይነቃ ከቤቱ የወጡት ጋሼ፣ ሦስቱን አስከትለው በሩን አንኳኩተዋል።

ካሣዬ ከፍቶ አራቱን ተራ በተራ አያቸው። «ጋሼ፣ አውቄያለሁ እኮ» አለ።

«ዝም በል። ገና አልነገርንህም።»

ዘሪቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። እንዲህ በባዕድ ፊት አልቅሳ አታውቅም። የአክስቷን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ እምቢ አላት። ካሣዬን ትክ ብላ እያየች እንደገና ሞከረች።