አንዴ ልጨርስ

የእህቴ ባል ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው። ይሄን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ በጥላቻ አወራች እንዳትሉኝ። ሮቤ ውስጥ ዕድር ላይ ነገር ሲከር፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ «እሱ ይናገር» ይባላል። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። አማርኛውን ከኦሮምኛው እያዋዛ፣ አንዱን ተረት ከሌላው እየሰካ ሲያወርደው ተጣልተው የመጡት ሰዎች የተጣሉበትን ረስተው ይስቃሉ። እኔም ስቄ አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው የምርጫው ሰሞን ነው። የፓርቲ መሪዎቹ እሁድ እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ይከራከሩ ነበር። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ያለችው ሻይ ቤት በዚያ ሰዓት በወንድ ትሞላለች። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ነው የምሸጠው፤ እሁድም ከፍቼ ስለምውል ድምፃቸው እኔው ጋ ነው የሚመጣው። ክርክሩን የሚያዩት እንደ ኳስ ነው። ኧረ ኳስስ ይሻላል፤ ኳስ ላይ ቢያንስ የሚቆጠረው ጎል ነው። እነዚህ የሚቆጥሩት ሌላ ነው። አንዱ መሪ ብርጭቆ አንስቶ ውሃ ከተጎነጨ «ፈራ! ፈራ!» ይላሉ፣ ነጥብ ይቀነስበታል። ላቡን ከጠረገማ አለቀለት። ኮቱ ከሰፋው «ይሄ የሰው ነው» ይባላል። ስለ ስንዴ ዋጋ ምን አለ፣ ስለ መንገድ ምን አለ ብትሏቸው አንዳቸውም አያስታውሱም።

ከአንድ ፑል ቤት የተጣለ ጥቁር ሰሌዳ አምጥተው ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል። ለአንደበት ከአሥር፣ ለአለባበስ ከአሥር፣ ለማዳመጥ ከአሥር እያሉ ለእያንዳንዱ መሪ በጠመኔ ይጽፋሉ። ዋና ዳኛው ማን ይመስላችኋል? እሱ ነዋ! የእህቴ ባል።

ለስልክም ሕግ አወጡለት። አንድ እሁድ ክርክሩ ሲጋጋል የአንዱ ስልክ አላባራ ብሎ ሲያስቸግር፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ የያዘ ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ ባንኮኒው ላይ ያለ የብስኩት ካርቶን ውስጥ እንዲጥል ተወሰነ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር የራሱን እዚያው ይጥላል። ይህን ሕግ ያመጣውም የእህቴ ባል ነው። «ሰው ሲናገር ማክበር ከዚህ ይጀምራል» እያለ ሲያስረዳቸው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እኔ ሞኟ ደግሞ እህቴ ምን ያለው ሰው አገኘች ብዬ ነበር።

እህቴን ምጥ የያዛት እንዲህ ባለ እሁድ ንጋት ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነው። እናታችን፣ እሱና እኔ ሆነን ጎባ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድናት። እስከ እኩለ ቀን አብሮን ነበር፤ በዚህ አልዋሽበትም። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲንቆራጠጥ እናቴን ሰለቻት። «አንተ ልጅ፣ የመጀመሪያ ምጥ ይቆያል። ይልቅ ቤት ሂድና ብርድ ልብስና የሕፃን ልብስ ይዘህ ና፤ እህልም ቅመስ» አለችው። ጎባና ሮቤ ምን አላቸው፣ በሚኒባስ ቁጭ ብድግ ነው። ሄደ።

ከሄደ በኋላ ልጅቱ ተወለደች። ደህና ናት፣ ሴት ናት ተባልን። እናቴ እልል አለች። እልልታዋን ሳትጨርስ ነርሷ ከማዋለጃው እየሮጠች ወጣች። እህቴ ደሟ አልቆም ብሏል።

የእህቴ ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ እንደ ልብ የሚገኝ ዓይነት አይደለም። በእርግዝና ክትትሏ ጊዜ ባሏንም መርምረውት እሱም ያው ሆኖ ተገኝቶ፣ ለልጁም አያሰጋም ተብለው ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነግረውኝ ነበር። የእናቴም የእኔም ግን ሌላ ነው። «ያለንን ሰጥተናታል፤ ተጨማሪም አስልከናል፣ እየመጣ ነው። ባሏ ቅርብ ካለ ግን አሁኑኑ ይምጣ» አለኝ ሐኪሙ። ቆሞ አይደለም የነገረኝ፣ እየሄደ ነው። ጋዋኑ ላይ የእህቴ ደም ነበር።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ጎረቤታቸው ጋ ደወልኩ፤ «ሻንጣ ይዞ ከወጣ ቆየ» አለችኝ። ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እሁድ ነው። እግዚኦ! ስልኩ ካርቶን ውስጥ ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ እዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው ሰው ሁሉ ስልኩ እዚያው ካርቶን ውስጥ ነው። እናቴን ከእህቴ ጋር ትቼ ሮጥኩ።

መናኸሪያው ላይ ረዳቱ «ሮቤ! ሮቤ! የሞላ!» ይላል፤ ወንበሩ ግን አልሞላም። «የጎደለውን እኔ እችላለሁ፣ ንዳው!» ብዬ ጮህኩበት። ተነሳን። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል፤ እሱም ክርክሩን ነው የሚያስተላልፈው። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ደግሞ በድምፅ ብቻ መሪ እየመረጡ ናቸው። «የዚህኛው ድምፅ ወፍራም ነው፤ አገር የሚመራ እንዲህ ያለ ድምፅ ነው» ይላል አንዱ። ሌላው «ያኛው ግን አማርኛው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል» ይላል፣ የራሱ አማርኛ እንደዚያው እያለ። ባለ ወፍራም ድምፁ በዚያ ሰዓት ስለ ምን ያወራ እንደነበር ታውቃላችሁ? ስለ እናቶች። በአገራችን አንዲትም እናት በወሊድ ምክንያት መሞት የለባትም እያለ ነበር። «ኧረ ተናገረ! ይሄ ሰው ተናገረ!» አሉ ከኋላዬ።

«ዝጋው!» አልኩት ሾፌሩን።

«እንዴ እታለም፣ ሰው እየሰማ እኮ ነው።»

«እህቴ ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው! ዝጋው አልኩህ!»

ዘጋው። አንዲት ሴት «ያ ረቢ፣ አንተው ድረስላት» ስትል ሰማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሚኒባሱ በሙሉ የሰማውን እሱ ገና አልሰማም ነበር።

ሻይ ቤቷ ጢም ብላለች። በሩ ላይ የቆሙትን በክርኔ እየገፋሁ ገባሁ። ካርቶኑ ውስጥ የእሱ ስልክ እየበራ ይንቀጠቀጣል፤ እናቴ ናት የምትደውለው። እሱ ሰሌዳው ጋ ቆሟል፣ ጠመኔ ይዟል። የመጀመሪያው ዙር አልቆ ማስታወቂያ ገብቷል፤ ፍርድ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። የሕፃኗ ልብስ ያለበት ሻንጣ እግሩ ሥር ተቀምጧል።

«ና! ደሟ አልቆም ብሏል፣ ያንተን ደም ነው የሚፈልጉት፣ ና!» አልኩት ካለሁበት።

ሰማኝ። ባይሰማኝ ይሻለኝ ነበር። ዞሮ አየኝ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ጣቱን አነሳ፤ ክፍል ውስጥ ለቸኮለ ተማሪ እንደሚያነሳው ያለ።

«አንዴ ልጨርስ» አለኝ። ተመልሶ ወደ ሰዉ ዞረና ጨረሰ።

«ስለዚህ ወገኖቼ፣ ይሄ ባለ ሰማያዊ ክራቫት የሚጠየቀው ሌላ፣ የሚመልሰው ሌላ ነው። ሰው እያናገረው እሱ የራሱን ይቀጥላል። አንደበቱ ማር ነው፣ አልክድም፤ ግን የማይሰማ ሰው መሪ አይሆንም። ለማዳመጥ፣ ከአሥር ሁለት!»

ሁለት ቁጥሯን በጠመኔ ጻፋት። አጨበጨቡ። እህቴ ጎባ ላይ እንደዚያ ሆና እነዚህ አጨበጨቡ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉንም አላስታውስም። የቴሌቪዥኑን ሶኬት መንቀሌን አስታውሳለሁ፤ ከነገመዱ ነው የጎተትኩት። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። «ሁለተኛው ዙር ሊጀምር ነው እኮ!» «ምን ዓይነት ሴት ናት!» መረጃ የማግኘት መብታችን ነው ያለም አለ፤ እውነቴን ነው፣ አልጨመርኩም። ጥግ ላይ የተቀመጡ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ብድግ ብለው ወለሉን በከዘራቸው መቱት። «እናንተ ሰዎች! ሰው ሊሞት ነው እያለቻችሁ ነው! ጆሮ አልፈጠረባችሁም?» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ደፊ ኢንተላ ኮ፣ ፍጠኚ ልጄ፣ ይዘሽው ሂጂ» አሉኝ።

ጠመኔው ከእጁ የወደቀው ያኔ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን? እሷ?» አለኝ።

«አይ፣ ባለ ሰማያዊ ክራቫቱ!» አልኩት።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ሞተሩን አስነስቶ፣ እሱን ከኋላ አፈናጦ በረረ። እኔ ሻንጣውን አንጠልጥዬ በሚኒባስ ተከተልኩ። ስደርስ ክንዱ ላይ ጥጥ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ይነፈርቃል። ከእሱ የተቀዳው ተመርምሮ ገባላት፣ ያስላኩትም ደረሰ፣ ደሟ ቆመ። እህቴ ተረፈች። እንባውን አልጠራጠርም፤ እውነተኛ እንባ ነበር።

በማግስቱ ሐኪሙን ለብቻው አግኝቼ፣ አንዲት ደቂቃ ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ለውጥ ነበረው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «የለም፣ ደቂቃዋ ምንም አልጎዳቻትም። ደርሷል እኮ» አለኝ። እሺ፣ ሐኪም ነው፣ ያውቃል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ደቂቃዋ አይደለችም። ሚስትህ ልትሞት ነው ሲባል የሰው እግር መጀመሪያ ወዴት ነው የሚሄደው? የእሱ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ዓረፍተ ነገሩ እንዳይበላሽበት! ወይ ነዶ! ጭብጨባዋ እንዳታመልጠው! ያን ጣት ሳስብ ዛሬም አንጀቴ ቅጥል ይላል።

ከተማው ደግሞ ጀግና አደረገው። «ደሙን ሰጥቶ ሚስቱን ከሞት መለሳት» ተባለ። ለእኔ የወጣልኝ ስም «ሶኬት ነቃይዋ» ነው። ጨርቅ ሊገዙ ይመጡና «ሶኬታችሁን ደብቁ!» እያሉ ይሳሳቃሉ። አንዱን በሜትሩ እንጨት ልለው ስል ነው ከሱቅ የወጣልኝ። የዚያን ቀን ክርክር ማን አሸነፈ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ግን እስካሁን ይነግሯችኋል፣ ከነነጥቡ።

እህቴ እስክትጠነክር አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ለእናቴ እንኳን አልተነፈስኩም። አንድ ቀን «ምን አገባኝ፣ የሰው ትዳር ላፍርስ?» እላለሁ። በሌላው ቀን «ከማን ጋር እንደምትኖር ማወቅ የለባትም ወይ?» እላለሁ። እሱ ሻይ ሲያቀርብላት፣ ልጇን አቅፎ ሲያስገሳት ባየሁ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል። ጥሩ ባል መሆኑ ራሱ ያናድደኝ ጀመር።

ልጅቱ ሰማንያ ቀኗን ደፍና ክርስትና ተነሳች። ግቢያቸው ድንኳን ተጣለ፤ ያ ሁሉ የሻይ ቤት ዳኛ ተጠርቶ መጣ። ምሳው ሲያልቅ እሱ ተነስቶ ተናገረ። ስለ ሚስቱ ተናገረ፣ ስለ ልጁ ተናገረ፣ እናቴን አመሰገነ። እኔንም ስሜን ጠርቶ «እሷ ባትደርስልኝ ዛሬ ይሄ ድንኳን ሌላ ድንኳን ነበር» አለ። ሴቱ እንባውን ጠረገ። ከኋላዬ አንዱ «አቤት አንደበት! መወዳደር የነበረበት እሱ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ወንበሬን ገፍቼ ወደ ቤት ገባሁ።

እህቴ መኝታ ቤት ተቀምጣ ልጇን እያጠባች ነበር። በሩን ዘግቼ ነገርኳት። ካርቶኑን ነገርኳት፣ ሰሌዳውን፣ ጣቱን፣ አንዴ ልጨርስ ማለቱን፣ ጭብጨባውን፣ አንዱንም ሳላስቀር። አለቀች፣ ልቧ ተሰበረ፣ ምን ሆኜ ነው አፌን የከፈትኩት ብዬ እጠብቃለሁ። እሷ ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረቻት።

«አውቃለሁ እኮ፣ እትዬ» አለችኝ። «እሱ ራሱ ነግሮኛል።»

«ምኑን ነገረሽ?»

«ሁሉንም። ጣቱን ማንሳቱን ሳይቀር።»

«መቼ?»

«ከሆስፒታል የወጣን ሰሞን። እዚህ አልጋ ሥር ተንበርክኮ ነው የነገረኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን ስቃጠል የኖርኩበት ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ታውቆ፣ ተለቅሶለት አልቋል። ከድንኳኑ ሳቅ ይሰማል፤ አሁንም እሱ ነው የሚያወራው።

«እሺ፣ አንቺስ ምን አልሽው?» አልኳት።

ፈገግ አለች። «ምን እለዋለሁ፣ እትዬ? እንዴት አሳምሮ እንደነገረኝ ብትሰሚው እኮ፣ አንቺም አልቅሰሽ ይቅር ትይው ነበር።»